ደንቡ ያዘዘኝና ለእኔ የተወልኝ

ጥብቅና በጀመርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ወጣት ተከሳሽ «አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። የስርቆት ክስ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሰት የተከሰሰ መስሎኝ ሽንጤን ገትሬ ልከራከርለት ተዘጋጅቼ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ምን እንደመለስኩለት አሁን ትዝ አይለኝም። ሌሊቱን ግን በደንብ አስታውሰዋለሁ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ውሸት ነውር ነው፣ የሰው ገንዘብ አይነካም ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ እውነቱን እያወቅኩ ችሎት ፊት ልቆም ነው። ባለ ንብረቱን አይቼዋለሁ። የጠፋበት ዕቃ ሠርቶ የሚያድርበት መሣሪያ ነው። ሲነጋ ፈቃዴን መልሼ ሌላ ሥራ ልፈልግ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እኔ በዚያ ሌሊት እንደሆንኩት ሆነው ለሚጨነቁ ነው። ሕግ ጨርሰው ሥራ ለሚጀምሩ፣ ወይም ጀምረውት «ይሄ ሙያ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆንም» እያሉ ለሚብሰለሰሉ። እኔም ብዬዋለሁ። ዛሬም እዚሁ ሙያ ውስጥ ነኝ። በመካከሉ ያጠፋሁትንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በማግስቱ ከቢሮአችን ሰዎች ሁሉ አንጋፋ ወደሆኑት ጠበቃ ሄድኩ። ረጅም ዘመን በችሎት ያሳለፉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ደንበኛዬ ጥፋተኛ መሆኑን ነገረኝ። ምን ላድርግ?» አልኳቸው። የእኔን ጉዳይ ለጊዜው ትተው ስለ ሁለት አሜሪካውያን ጠበቆች ያወሩኝ ጀመር።

ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1973 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ። ቦታው ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሌክ ፕሌዛንት የምትባል መንደር። ሮበርት ጋሮው የተባለ ሰው በግድያ ተከሷል። ፍራንክ አርማኒና ፍራንሲስ ቤልጅ ቆመውለታል። ሰውየው ለጠበቆቹ ሌሎች ሁለት ሴቶችንም መግደሉን ነገራቸው። አስከሬናቸው የት እንዳለም ጭምር። ሄደው በዓይናቸው አዩ፤ ፎቶግራፍም አነሱ። ቤተሰቦቻቸው ግን ገና እየፈለጓቸው ነው። የአንደኛዋ አባት የሚያውቁት ነገር ካለ ብሎ ሩቅ መንገድ መጥቶ ጠየቀ። አልነገሩትም። ነገሩ በ1974 በችሎት ሲወጣ ሕዝቡ ተነሳባቸው። ደንበኞቻቸው ሸሿቸው። ዛቻ ደረሳቸው። ቤልጅ ላይ ክስ ሁሉ ተመሠረተ። ክሱ ግን የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት ተብሎ ተሰረዘ።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ስለዚያ አባት ሳስብ ሆዴ ይላወሳል።

ጋሼም ቀላል ነው አላሉኝም። ያሉኝ ይህን ነው፦ «ሰው ለጠበቃው እውነቱን የሚናገረው አያወጣብኝም ብሎ ነው። አንድ ጊዜ ካወጣሽ ከዚያ በኋላ ማንም እውነት አይነግርሽም። እውነቱን የማያውቅ ጠበቃ ደግሞ ማንንም በቅጡ መምከር አይችልም። ስለዚህ ዝም በይ። ዝም ማለት ግን መዋሸት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ያስረዳ። ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ ፈትኚው። ማስረጃው ላይ ክፍተት ካለ አሳዪ። ‹ደንበኛዬ በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበረም› የሚል ቃል ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ወደ ልጁ ተመለስኩ። እውነቱን ስለማውቅ ማስረጃው ምን ያህል እንደሚከብድበት አንድ በአንድ ላሳየው ቻልኩ። ባላውቅ ኖሮ በማይረባ ክርክር ሁለታችንንም አደክም ነበር። አስቦበት፣ በራሱ ውሳኔ ጥፋቱን አመነ። ዕቃው ተመለሰ፤ ቅጣቱም ቀለለለት። ባለ ንብረቱ መሣሪያውን ያገኘው እኔ ምስጢሩን ስለጠበቅኩ ነው። በዚያ ሌሊት ይህ መንገድ በጭራሽ አልታየኝም ነበር።

ሁሉም ጉዳይ እንዲህ አያልቅም። ሌላ ጊዜ ጥፋቱን የነገረኝ ሰው ማስረጃ አልበቃ ብሎ በነፃ ተሰናብቷል። ከችሎት ስወጣ ደስ አላለኝም፤ ግን አላፈርኩም። ዐቃቤ ሕግ ሳያስረዳ ሰው አይቀጣም የሚለው ሕግ ለጥፋተኛው ተዘግቶ ለንጹሑ ብቻ ሊከፈት አይችልም። ማን ማን እንደሆነ በግንባራቸው ላይ አልተጻፈማ።

ምስጢር መጠበቅ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ግን ልሸፋፍንላችሁ አልፈልግም። በቺካጎ በ1982 በተፈጸመ ግድያ አልተን ሎጋን የተባለ ሰው 26 ዓመት ታስሯል። ዴል ኮቨንትሪና ጄሚ ኩንዝ የተባሉ ጠበቆች ደግሞ አንድሪው ዊልሰን ለሚባል፣ በሌላ ግድያ ለተከሰሰ ሰው ይከራከሩ ነበር። ዊልሰን የዚያኛውም ግድያ ፈጻሚ እሱ መሆኑን ነገራቸው። ጠበቆቹ ያወቁትን በቃለ መሐላ ጽፈው፣ አሽገው አስቀመጡት። ዊልሰን በ2007 ሲሞት ተናገሩ። ሎጋን በ2008 ከእስር ወጣ። እኔ እዚህ ላይ ደንቡ መሸነፍ ነበረበት ባይ ነኝ። ንጹሕ ሰው በሐሰት እንዳይታሰር ሲባል ምስጢር ማውጣትን የሚፈቅዱ ደንቦች አሉ፤ የማሳቹሴትስ አንዱ ነው። ሌላውም ይህን ቢከተል ደስታዬ ነው። ሁለቱን ጠበቆች ግን መውቀስ አልችልም። እንዲያውም አንድ ነገራቸውን ልብ በሉልኝ። ዊልሰን በሕይወት ሳለ «ከሞትክ በኋላ እንናገር ወይ?» ብለው ጠይቀውታል። ፈቅዶላቸዋል። ጥያቄውን ባያነሱ ኖሮ ሎጋን ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ውሸት ላይ ያለው መስመር ደግሞ ከምስጢሩ ይልቅ ግልጽ ነው። አንድ ደንበኛዬ ወንድሙን አምጥቶ «ያን ዕለት አብረን ነበርን ብሎ ይመስክርልኝ» አለኝ። አብረው እንዳልነበሩ ራሱ ነግሮኛል። «ይህን ምስክር አላቀርብም» አልኩት። «ታዲያ ለማን ነው የምትሠሪው?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ውክልናውንም አነሳ። ክፍያዬ እዚያው ቀረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ተመሳሳይ ጉዳይ አይቶ ነበር። ተከሳሹ ዋይትሳይድ «ሟቹ እጅ ላይ ብረት ነገር አይቻለሁ» ሊል አስቦ፣ ጠበቃው ብትዋሽ ለፍርድ ቤቱ እናገራለሁ ብሎ አስጠነቀቀው። ዋይትሳይድ በኋላ መብቴ ተነካ ብሎ ይግባኝ አለ። ፍርድ ቤቱ ግን በጠበቃ የመወከል መብት ጠበቃን ለሐሰት ምስክርነት ማሰለፍን አይጨምርም አለ። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሲገጥማችሁ ቁጣውን ቻሉት። ቶሎ ያልፋል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ሚስቱን ደብድቧል ተብሎ ለተከሰሰ ሰው ቆምኩ። ሌላ ጠበቃ አላገኘም። ሰውየውን ገና ሳየው ጠላሁት። አነጋገሩ፣ ስለ ሚስቱ የሚጠቀምበት ቃል፣ ሁሉ ነገሩ። ግን ማንም ሰው ያለ ጠበቃ መቅረት የለበትም ብዬ ተቀበልኩ። በልቤም ጀግና ነኝ ብዬ ነበር። በ1990 ሃቫና ላይ የወጡት የተባበሩት መንግሥታት የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሆዎች ጠበቃ ከደንበኛው ወይም ከደንበኛው ዓላማ ጋር አንድ ተደርጎ አይታይም ይላሉ። ጆን አዳምስም በ1770 ቦስተን ላይ ሕዝብ ላይ ለተኮሱ የእንግሊዝ ወታደሮች ቆሟል፤ ከ8ቱ ወታደሮች 6ቱ በነፃ ወጥተዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለጓደኞቼም እደሰኩራለሁ።

ሥራው ላይ ግን ለገምኩ። የተጠራጠርኩትን ነገር አላጣራሁም። አንዲት ጎረቤት የምታውቀው ነገር እንዳለ ነግሮኝ ሄጄ አላነጋገርኳትም። ጥያቄዎቼን ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት ቸኩዬ ጻፍኩ። ጋሼ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «ይህን ሰው እየተከራከርሽለት ነው ወይስ እየፈረድሽበት?» አሉኝ። ፊቴ ጋለ።

እስቲ አስቡት። ጉዳዩን አልቀበልም ብል ኖሮ ሌላ ሰው ያገኝ ይሆናል። ተቀብዬ በሙሉ ልቤ ብሠራ ደግሞ ግዴታዬን በተወጣሁ። እኔ ያደረግኩት ሦስተኛውን ነው። ሰውየው ጠበቃ አለኝ ብሎ ተኝቷል፤ ጠበቃ ግን የለውም። የግል ሞራሌንም የሙያ ሥነ ምግባሬንም ያፈረስኩት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ነው። ተጨማሪ ቀጠሮ ጠየቅኩ፤ ፍርድ ቤቱ ፈቀደልኝ። ጎረቤቲቱን አነጋገርኩ። የምታውቀው ነገር ለእሱ አልጠቀመም፤ እንዲያውም ከፋበት። እሱም ሆነ እኔ ይህን ማወቃችን ግን የግድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውሳኔዬን በር ላይ እጨርሳለሁ። የእንግሊዝ ባሪስተሮች፣ ማለትም ችሎት ቆመው የሚከራከሩ ጠበቆች፣ ተራው የደረሰ ታክሲ ተሳፋሪ እንደማይመርጥ ሁሉ በሚችሉት የሙያ ዘርፍ የመጣውን ጉዳይ እንዲቀበሉ የሚያስገድድ ደንብ አላቸው። በብዙ ሌላ ቦታ ግን ጠበቃ እንቢ ማለት ይችላል። እንቢ ለማለት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ነው። «ይህን ጉዳይ በሙሉ ልቤ መሥራት አልችልም፤ ሌላ ሰው ይሻልዎታል» ማለት ነውር የለውም። ነውሩ ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቀጠሮ ከተቃረበ በኋላ ጥሎ መሄድ ነው። እንደ እኔ ሳይሄዱ ጥሎ መሄድም አለ።

ለጀማሪዎች አንድ አጭር ነገር ጣል ላድርግ። ተቀጥሬ ስሠራ አንድ የበላይ የውል ቀን ወደ ኋላ መልሼ እንድጽፍ ነገረኝ። በቃል፣ ኮሪደር ላይ፣ እየሄደ። እምቢ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። «በኢሜይል ይላኩልኝና እሠራዋለሁ» አልኩት። ኢሜይሉ አልመጣም። ነገሩም ተረሳ። ጥሩ ትእዛዝ በጽሑፍ ለመውጣት አይፈራም። ኢሜይሉ ቢመጣ ግን በግልጽ እምቢ ማለት ይኖርብኝ ነበር፤ ይህንንም አትርሱ።

እስካሁን ያነሳኋቸው ደንቡ በግልጽ የሚያዝባቸው ወይም የሚከለክልባቸው ናቸው። ምስጢር ጠብቅ፣ አትዋሽ፣ ተግተህ ሥራ፣ ሰነድ አታበላሽ። ሥራ ስጀምር የሚያስጨንቀኝ እነዚህ ላይ የሚመጣው ፈተና ብቻ ነበር። አሁን ወደ ኋላ ስመለከት ግን ለዓመታት የቆረቆረኝ ጉዳይ አንድም ደንብ ያልጣስኩበት ነው።

ደንበኛዬ አበዳሪ ነበር። ተከሳሿ ለዘመዳቸው ዋስ ሆነው የፈረሙ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት። ተበዳሪው ዘመድ ከአገር ወጥቷል። ክሱን የመሠረተው ከእኔ በፊት የነበረ ጠበቃ ነው፤ እኔ መዝገቡን ተረከብኩ። ሳነበው ክሱ የቀረበው የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ሕጉ ክስ ለማቅረብ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ካለፈ በኋላ መሆኑን አየሁ። በብዙ አገር ሕግ ይርጋን ተከራካሪው ራሱ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም። እኚህ እናት ደግሞ ጠበቃ የላቸውም። ይርጋ የሚባል ነገር መኖሩንም የሚያውቁ አይመስለኝም።

በችሎት «ፈርሜያለሁ፤ ግን አቅም የለኝም» አሉ። ዳኛው «ሌላ የሚሉት አለ?» አሏቸው። «የለም።» እኔ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ። ያ ጸጥታ ምናልባት አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ተፈረደባቸው።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝና እጄን ይዘው «ተባረኪ ልጄ፣ በአክብሮት ነው ያናገርሽኝ» አሉኝ።

ለራሴ ብዙ ነገር ብያለሁ። ለደንበኛዬ ታማኝ ነኝ። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ አይደለሁም። ደንቡ አልከለከለኝም። ሁሉም እውነት ነው። «ይርጋ አለዎት» ብዬ ብነግራቸው ኖሮ አምኖ የቀጠረኝን ሰው መክዳት ይሆን ነበር። ያንን ዛሬም አላደርገውም።

ግን ማንም ያልከለከለኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ቀርቤ «እኔ የከሳሽ ጠበቃ ነኝ፤ ልመክርዎ አልችልም። መልስ ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ክፍያ ካቃተዎት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ» ማለት። ጠበቃ የሌለውን ተቃራኒ ወገን ጠበቃ ያዝ ማለት ተፈቅዷል። እኔ በአክብሮት ሰላም አልኳቸው፤ በዚያ አበቃሁ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳፍረኛል። የዊልሰን ጠበቆች ደንበኛቸውን ጠይቀዋል፤ እኔ ግን ደንበኛዬን አልጠየቅኩትም። «ደንበኛዬ የሚፈልገው ማሸነፍ ነው» ብዬ በእሱ ስም ደመደምኩ። ከመዝገቡ በስተጀርባ ማን እንዳለ፣ ዕዳው ጊዜው እንዳለፈ፣ ተከሳሿ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ አልነገርኩትም። ቢያውቅ ምን ይል እንደነበር ዛሬ ማወቅ አልችልም። የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር በ1983 ያወጣው አርአያ ደንብ ቁጥር 2.1 ጠበቃ ሲመክር ሕጉን ብቻ ሳይሆን የሞራልን፣ የኢኮኖሚንና የማኅበራዊ ኑሮን ጉዳይም ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። «ይችላል» ነው የሚለው፤ «አለበት» አይልም። እዚህች ቃል ላይ ነው የተኛሁት። ደንቡ ለእኔ የተወልኝን ቦታ ባዶውን ተውኩት።

ከምስጢሩ፣ ከሐሰት ምስክሩ በላይ የምትጠየቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሙያው ግዴታ ሲያስራችሁ ቢያንስ ገመዱን ታዩታላችሁ። ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ ግን «ሙያው ነው ያደረገው» ማለት አይቻልም። እኔ ነኝ ያደረግኩት። እኔ ነኝ የተውኩት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ መዝገብ መጣ። ሌላ አበዳሪ፣ ሌላ ዋስ፣ ያለፈ ይርጋ። ክሱ ገና አልተመሠረተም። የአበዳሪውን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። «መክሰስ ይቻላል። ዋሱ ጠበቃ ከያዘ ይርጋን ያነሳል፤ ያኔ እንሸነፋለን። ካልያዘ ልናሸንፍ እንችላለን። ግን የምናሸንፈው ሰውየው ባለማወቁ ነው። ራሱ ያልተበደረውን ገንዘብ ነው የምናስከፍለው። ይህ ድርጅቱ የሚፈልገው ነገር ነው?» አልኩት። እንደ ሰበካ እንዳይሰማው እየፈራሁ ነበር። ውሳኔው የእሱ መሆኑንም ነገርኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም» አለ። ወለዱን ትተው ዋናውን ገንዘብ ብቻ በየወሩ ቢከፍል እንዲስማሙ ሐሳብ እንዳቀርብ ነገረኝ። «ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ያማክር እለዋለሁ፤ ይህን ማወቅ አለብዎት» አልኩት። «በይው» አለኝ።

ዋሱ ቢሮዬ መጣ። ረቂቁን አነበበ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። እስክሪብቶ ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም። «እኔ የእነሱ ጠበቃ ነኝ፣ የእርስዎ አይደለሁም። ይህን ወስደው ለሌላ ጠበቃ ያሳዩት» አልኩት። ግራ ተጋብቶ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

በሳምንቱ ከጠበቃ ጋር ተመለሰ። ከዋናው ገንዘብ ግማሹን ብቻ፣ በ12 ወር ተከፋፍሎ። ይርጋውን አይተውታል። ለሥራ አስኪያጁ ደውዬ አስረዳሁት። «ይሁን» አለኝ። ሦስታችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ለሰውየው ሰጠሁት።